የእህቴ ልጅ በሆኪ ብዙ ጎል ያገባል፤ የእውነት ጎል አግቢ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የጅሬን ልጅ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ እዚህ ከሚነሳው ለየት ይላል፤ ታገሱኝ።

እህቴ የምትኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ልጇ አይስ ሆኪ ይጫወታል፣ አጥቂ ነው። ኅዳር ላይ 17 ሞላው። ከ18 ዓመት በታች ውስጥ ትሪፕል ኤ የሚሉት ከፍተኛው ምድብ ላይ ነው ያለው። ዘንድሮ እስካሁን በ36 ጨዋታ 31 ጎል አግብቷል። እህቴ ጎሎቹን በቴሌግራም ትልክልናለች። እናቴ ስልኩን ይዛ ለጎረቤቱ ሁሉ ታሳያለች። ቡና በተፈላ ቁጥር የሱ ጎል ይታያል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጅማ ላይ ቤት እየሠራን ነው። ብሩን የምትልከው እህቴ ናት፣ የማሠራው እኔ ነኝ። መሠረቱ ወጥቷል፣ ብሎኬቱ ተደርድሮ አልቋል፣ የቀረው ጣሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለችና “ጣሪያው ለከርሞ ይቆይ” አለችኝ። አንድ ሰው መጥቶ ልጅሽ ትልቅ ቦታ ይደርሳል፣ በነሱ በጋ ልዩ የግል ስልጠና ይግባ፣ ቀብዱን አሁኑኑ ክፈይ ብሏታል። ብሩ ቀላል አይደለም። የነሱ በጋ ደግሞ የኛ ክረምት ነው። የጅማን ዝናብ ታውቃላችሁ፤ ያልተከደነ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ሊከርም ነው።

እናቴ ልጁ ይቅደም ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ቤቱ ይቅደም ይላል። እህቴ “ታላቅ አንተ ነህ፣ የመሰለህን ንገረኝ” አለችኝ። እኔ ኳስ አያለሁ፤ ስለ ሆኪ ግን የማውቀው የለም። ሳላውቅ ደግሞ በልጁ ላይ መፍረድ አልፈልግም።

ቡድኑ የሰጣትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። 124 ሹት፣ 31 ጎል ይላል። ከጎሎቹ 13ቱ ፓወር ፕሌይ፣ 4ቱ ባዶ ጎል። ይሄ ምን ማለት ነው? 31 ጎል ችሎታ ነው ዕድል? አንድ ወጣት አጥቂ ጎል የማግባት ችሎታው በምን ይለካል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

መርካቶ ሰፈር፦

ወንድሜ፣ ቤቱን ክደኑት። የቆርቆሮ ዋጋ የሚጠብቃችሁ እንዳይመስልህ። ጎበዝ ልጅ የትም ቦታ ጎበዝ ነው፤ በአንድ በጋ ስልጠና የሚመጣም የሚቀርም ነገር የለም። እህትህን በደንብ አስረዳት፣ ትሰማሃለች።

እመ ሁለት፦

ወንድሜ የጅሬን ልጅ፣ እንኳን ጠየቅክ። እኔ ኤድመንተን ረጅም ዓመት ኖሬ ነው ወደ ጅማ የተመለስኩት። አሁን ያለሁት ፈረንጅ አራዳ ነው። ሁለቱም ልጆቼ እዚያ ሆኪ ተጫውተው ነው ያደጉት። እዚያ አገር ወላጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሥራ ይሰጠዋል። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ የተቀጣ ተጫዋች የሚቀመጥበትን የቅጣት ሳጥን በር ይከፍታል። የኔ ሥራ የሹት መዝገብ መያዝ ነበር። ማን መታ፣ ከየት መታ፣ እንዴት መታ፣ በእርሳስ እጽፋለሁ። ይሄ ነገር ልቤ ውስጥ ያለ ነውና ዘርዘር ላድርገው።

ከወረቀቱ እንጀምር። 31ን ለ124 ስታካፍል 25 በመቶ ነው። ከአራት ሹት አንዱ ጎል ሆኗል ማለት ነው። ለእናት ደስ ይላል፤ እኔን ግን አሳሰበኝ። በዓለም ትልቁ ሊግ በኤንኤችኤል ወደ ጎል ከሚመቱት ሹቶች ጎል የሚሆኑት ከአስር አንድ ገደማ ናቸው። በሆኪ ታሪክ ታላቅ የሚባለው ዌይን ግሬትዝኪ እንኳ በጠቅላላ የጨዋታ ዘመኑ 18 በመቶ አልሞላም። በልጆች ሊግ ግብ ጠባቂዎቹ ገና ስለሆኑ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ያለ ነው። ቢሆንም 25 በመቶ ዓመት በዓመት ይዘኸው የምትሄደው ነገር አይደለም።

ዊሊያም ካርልሰን የሚባል ስዊድናዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016-17 ለኮለምበስ ሲጫወት 6 ጎል ብቻ አገባ። በዓመቱ አዲስ ወደተቋቋመው የላስ ቬጋስ ቡድን ሄደና 43 ጎል! ከሹቶቹ ጎል የሆኑት ከ23 በመቶ በላይ ነበሩ። አገሩ ሁሉ አዲስ ጎል አነፍናፊ ተገኘ አለ። በሚቀጥለው ዓመት 24 ላይ ቆመ። ሰውየው ስለደከመ አይደለም። ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ በ2023 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ በልቷል። 43ቱ ግን የሱ ልክ አልነበረም። በዚያ ዓመት የመታት ሁሉ ገባችለት፣ እንደዚያ ያለ ዓመት አለ። ካርልሰንን ያነሳሁት እህትህ የዘንድሮውን 31 አይታ የከርሞውን እንዳትቆጥር ብዬ ነው።

አሁን ጎሎቹን እንበትናቸው። ፓወር ፕሌይ ማለት ተጋጣሚው ተቀጥቶ አንድ ሰው ሲጎድለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ደቂቃ አምስት ለአራት ይጫወታሉ። ቦታ ይሰፋል፣ ጊዜ ይገኛል። ባዶ ጎል የሚሉት ደግሞ መጨረሻ ላይ በጎል የተበለጠው ቡድን ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ ተጨማሪ አጥቂ ሲያስገባ፣ ያኔ የሚገባው ነው። 13ቱንና 4ቱን ስትቀንስ 14 ይቀርሃል። አምስት ለአምስት፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የገባው እሱ ነው። 14 በ36 ጨዋታ ጥሩ ነው። ግን ከ31 ጋር አንድ አይደለም።

ይህን ስል የፓወር ፕሌዩን ጎል እየናቅኩ አይደለም። ሩሲያዊው አጥቂ አሌክስ ኦቬችኪን ሚያዝያ 6 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. 895ኛ ጎሉን አግብቶ የግሬትዝኪን 894 ሲያልፍ በፓወር ፕሌይ ነበር። የገባውም ዕድሜውን ሙሉ ከቆመበት፣ ከጎሉ ፊት በረዶው ላይ ከተሳሉት ሁለት ክቦች ከግራው ነው። ሁሉም ያውቃል እዚያ እንደሚቆም፣ ማስቆም ግን አልተቻለም። የባዶ ጎሎቹም የሚነግሩህ ነገር አለ። ቡድኑ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ የሚያስገባው የሚያምነውን ልጅ ነው። አራት ጊዜ ባዶ ጎል ያገኘ ልጅ በዚያ ሰዓት በረዶው ላይ ነበር ማለት ነው። እኔ አሰልጣኙ እንደሚያምነው ነው ያነበብኩት።

ከወረቀቱ ሁሉ እኔን ደስ ያሰኘኝ 124ቱ ነው። በጨዋታ ከሦስት ሹት በላይ ነው። ጎል ይመጣል ይሄዳል፤ ሹት ግን ከዓመት ዓመት ብዙም አይዋዥቅም። ብዙ የሚመታ ልጅ በሆነ መንገድ ቦታ እያገኘ ነው።

እንዴት እንደሚያገኝ ደግሞ በዓይን ነው የሚታየው።

የሆኪ ጎል 1.83 ሜትር ስፋት፣ 1.22 ሜትር ቁመት ነው። የእግር ኳሱ 7.32 በ2.44 ነው፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚያች ጠባብ ጎል ውስጥ ትልቅ ልብስ የደራረበ ግብ ጠባቂ ይቆምበታል። ፓኳ (የሆኪ ኳስ በላት፣ ጠፍጣፋ ጎማ ናት) በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ብትመታ 10 ሜትር ለመሄድ 0.3 ሰከንድ አይፈጅባትም። ግብ ጠባቂው እሷን እስኪያይ ከጠበቀ አለቀለት። ስለዚህ የመቺውን ትከሻና የስቲኩን (የመምቻ ዱላውን) ጫፍ አንብቦ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። የአጨራረስ ችሎታ ማለት ይህን ንባብ ማበላሸት ነው።

ልጁ ፓኳን ሲቀበል እጁን ብቻ እይ። ተራው ልጅ ይቀበላል፣ አንዴ ሁለቴ ይነካካታል፣ ያመቻቻል፣ ከዚያ ይመታል። በዚያች መሀል ግብ ጠባቂው ተንሸራትቶ ቦታውን ይዟል፣ ተከላካዩም እግሩን ከፊት አድርጓል። ጎል አግቢው ገና ስትደርሰው በስቲኩ ጫፍ ትንሽ ወደ እግሩ ሳብ ያደርጋታል። ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ግን ማዕዘኑ ተቀየረ፤ ግብ ጠባቂው የቆመው ለቀድሞው ማዕዘን ነው። ልጁ ከዚያው እንቅስቃሴ ሳይወጣ በእጁ አንጓ ይለቃታል፣ ስቲኩም ወደ ኋላ አይነሳም። የቶሮንቶው ኦስተን ማቲውስ የታወቀው በዚህ ዓይነት ምት ነው፤ በ2023-24 69 ጎል አግብቷል። ስለዚህ “እንዴት ጠንክሮ ይመታል” የሚለው ጥያቄ ብዙ አያሳስብህ። ከመቀበል እስከ መልቀቅ ምን ያህል ይቆያል? ዋናው እሱ ነው።

ቀጥሎ ከየት እንደሚመታ። ከጎሉ ፊት ለፊት፣ በሁለቱ ክቦች መሀል ያለውን ቦታ ስሎት ይሉታል። ጎል የሚበዛው ከዚያና ከጎሉ አፍ ነው። እዚያ መቆም ያማል። ተከላካዩ በስቲክ ጀርባህን ይደቃሃል፣ ይገፈትርሃል። ህመሙን የማይወድ ልጅ ከዳር፣ ከግድግዳው አጠገብ ሆኖ ይመታል። ወረቀት ላይ ሹት ተብሎ ይቆጠርለታል፤ ጎል የመሆን ዕድሉ ግን ትንሽ ነው። ግብ ጠባቂው የመለሳትን ለመልቀም ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? ይሄም እዚያ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በቴሌግራም የሚመጣውን ጎል እያየህ አትመዝነው። ጎል የሆነውን ብቻ ካየህ ሁሉም ልጅ ኦቬችኪን ነው። እህትህ ሙሉ ጨዋታ ታሳይህ። ብዙ ሪንክ (የበረዶ ሜዳ) ላይ የተሰቀለ ካሜራ ስላለ በኢንተርኔት ይታያል። ወረቀት ውሰድና የሜዳውን ግማሽ ሣል፦ ጎሉን፣ ሁለቱን ክቦች፣ መሀሉን። በመታ ቁጥር በቦታው ነጥብ አድርግ። ጎል ከሆነ ክበበው። ተከላካይ ላይ ካረፈ ሰርዘው። እንደተቀበለ ወዲያው ከለቀቃት “ወ” ብለህ ጻፍ፣ ካቆያት “ቆ”። ፓኳን ተዋትና ልጁን ብቻ ተከተል፤ በገባ ቁጥር በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ አያደክምህም። ፓክ በሌለው ጊዜ የት እንደሚሄድም ከጎኑ ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የተወለደበትን ወር ስላነሳህ። ካናዳ ውስጥ ልጆች በዕድሜ የሚመደቡት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ኅዳር የተወለደው ልጃችሁ ጥር ከተወለደው ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው፤ አሥር ወር ያህል ያንሰዋል። ሮጀር ባርንስሊ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በ1980ዎቹ ይህን አጥንቶ፣ ትልልቆቹ የወጣት ሊጎች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት በተወለዱ ልጆች የተሞሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ቀድመው ጠነከሩ፣ ቀድመው ተመረጡ። ልጃችሁ ከነዚያ መሀል ሆኖ 124 ሹት ማግኘቱን አሳንሳችሁ አትዩት።

ጥድፊያውም አልገባኝም። የኤንኤችኤል ምርጫ (ቡድኖቹ በየዓመቱ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) ላይ ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላት አለበት። የሱ ልደት ከዚያ በኋላ ስለሚውል ገና የከርሞ የውድድር ዓመት አልቆ ነው ተራው የሚደርሰው። ያለ ምርጫ ወይም በመጨረሻ ተመርጠው ታላቅ የሆኑም አሉ። በ1984 ሉክ ሮቢታይ 171ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፣ መንሸራተት አይችልም እየተባለ። 668 ጎል አገባ። በዚያው ዓመት ብሬት ሃል 117ኛ ነበር፤ 741 አገባ። አሁኑኑ ካልከፈልሽ አለቀለት የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ገበያው ነው።

ለእናትህ ደግሞ ይህን ንገራት። ጃሮም ኢጊንላ የተወለደው እዚያው ኤድመንተን ነው፣ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። በ2001-02 52 ጎል አግብቶ የሊጉ ጎል አግቢዎች አንደኛ ሆነ፣ በጠቅላላው 625 አለው። የኛም ልጆች ስሙን እየጠሩ ነው ያደጉት።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦

እትዬ እመ ሁለት፣ እጅዎ ይባረክ። ብዙ ተምሬበታለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። እኔ እዚሁ ጅማ ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ጎል አግቢ ማለት የሚያገባ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ሲበላ፣ ኦኪኪ አፎላቢ ሲያገባ ከየት መታ፣ ስንት ጊዜ ሳተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስታዲየሙ ነው የተናወጠው። ልጁ 31 አግብቷል። ምናልባት የተሰጠው ነገር አለ፤ በቁጥር ብናሳንሰው ልቡ እንዳይሰበር።

ለጠያቂው ከኔ ልምድ አንድ ነገር ልስጥ። ያገባ ዕለት አትየው፣ የሳተ ዕለት እየው። ባዶ ጎል ፊት ስቶ ከዚያ በኋላ ኳስ ሲመጣ ለጓደኛው መግፋት የሚጀምር ልጅ አለ። ስቶም ስቶም እዚያው ቦታ ተመልሶ የሚቆም አለ። የመጀመሪያው ብዙ ሥራ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ግን አብሮት የተፈጠረ ነው።

እመ ሁለት፦

አሰልጣኝ፣ የሳተ ዕለት ያሉት እውነት ነው። እኔም ከጻፍኩት ሁሉ ይሄ ነው የቀረኝ፤ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ልብ መስበር ስላሉት ግን ልመልስልዎ። ልብ የሚሰበረው ከርሞ 31 ይጠበቅበትና 15 ሲያገባ ነው። ያኔ “ምን ነካህ” ይባላል። ምንም አልነካውም፤ ፓኳ እንደ ዘንድሮ አልገባችለትም፣ ግብ ጠባቂዎቹም ጎለመሱ። አሁን ልኩን ብናውቅለት ያን ቀን ቤተሰቡ አይደናገጥበትም። ያገባትን ጎል ማንም አይነጥቀውም። እኛ የምንፈልገው ከርሞም ይዞት የሚሄደው የትኛው እንደሆነ ነው።

የጅሬን ልጅ፦

እትዬ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ጨዋታው በነሱ ሰዓት አቆጣጠር ማታ 7 ሰዓት ነበር፣ ለኛ ሌሊት 11 ሰዓት መሆኑ ነው። እህቴ ሊንኩን ላከችልኝ። እናቴ ለሱብሂ ተነስታ ነበርና ሰግዳ አጠገቤ ቁጭ አለች። እሷ “ወ” እና “ቆ” ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከኔ ይልቅ የሷ ዓይን ይፈጥናል።

የወጣው ይሄ ነው። ሰባት ጊዜ ሞክሯል። ሦስቱ ከመሀል፣ ስሎት ካሉት ቦታ። አንዱ ከጎሉ አፍ፣ ግብ ጠባቂው የመለሳትን ነው፤ እሷ ጎል ሆነች። የቀሩት ሦስቱ ከቀኝ በኩል ከግድግዳው አጠገብ። ከሰባቱ ሁለቱ ተከላካይ ላይ አረፉ፣ አንዱ ወደ ውጭ ወጣ። “ወ” ያገኘው ሦስት ነው። ተከላካይ ላይ ያረፉት ሁለቱም “ቆ” ናቸው። በስቲኩ ጀርባ አንድም አልመታም።

ፓክ በሌለው ጊዜ ያየሁት፦ ቡድኑ ሲያጠቃ ቀጥ ብሎ ጎሉ ፊት ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነስቶ እዚያው ቆመ። እናቴ “ልጄን ገደሉት” እያለች ነበር። ፓክ ሊቀበል ሲል ከመምጣቷ በፊት አንገቱን ዘወር አድርጎ ወደ ጎሉ ያያል፤ ይሄን ደጋግሞ ሲያደርግ አይቻለሁ።

አሰልጣኝ ላሉት ደግሞ፦ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግልጽ ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ ያወጣት አለች። ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ሲመለስ ስቲኩን ሰበረው ብዬ ነበር። አልሰበረም። ተመልሶ ሲገባ እንደገና ከዚያችው ቦታ መታ። ጎሉን ያገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ልጅ ከኋላ ሲገፋው መልሶ መታውና ሁለት ደቂቃ ተቀጣ።

እመ ሁለት፦

እናትህን ሳምልኝ። በጣም ጥሩ መዝጋቢ ናት።

አንድ ጨዋታ አንድ ጨዋታ ነው፤ ግን ደስ የሚል ወረቀት ነው። ከሰባቱ አራቱ ጎል ከሚገኝበት ቦታ ናቸው። ተገፍትሮ ወድቆ ተመልሶ እዚያው መቆሙ ትልቅ ነገር ነው፣ ይሄን በገንዘብ የሚሸጥ ስልጠና አላውቅም። ከመቀበሉ በፊት ወደ ጎሉ ማየቱማ፣ ይሄን ስታነብልኝ ብድግ ነው ያልኩት። ብዙ የ17 ዓመት ልጅ ፓኳ ላይ አፍጥጦ ነው የሚቀበለው። የናንተው ልጅ የት እንደሚልካት ሳትደርሰው ያውቃል። ስቶ ተመልሶ እዚያው መምታቱንም አሰልጣኝ ፈርደውለታል። እኔ ይህ ልጅ ጎል አግቢ ነው እላለሁ። 31 የሚያገባ ነው አልልም፤ ጎል አግቢ ነው።

የጎደለውም እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ያቆያቸው ሁለቱ ተከላካይ ላይ አረፉ። ከሱ ከፍ ባለ ሊግ ተከላካዮቹ ረጃጅምና ፈጣን ናቸው፤ “ቆ” ያልከው ሁሉ ነው የሚያርፍባቸው። በስቲክ ጀርባ አለመምታቱም ይታወቅበታል፣ አንድ ጎኑን ብቻ ይዘጉበታል። ቅጣቷን ደግሞ አንተ አጎቱ ተናገረው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ በለው፣ እህትህ ትተርጉምለት። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ያገባ አጥቂ የለም።

አሁን ወደ ጣሪያው። እነዚህ ሁለቱ ጉድለቶች የቤት ሥራ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ፓክ የሚንሸራተትበት የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ አንድ ጎል መረብ፣ ጥቂት ፓክ። ኤድመንተን ያለ የሆኪ ቤተሰብ ግማሹ አለው፣ ያገለገለም በርካሽ ይገኛል። አንድ ጓደኛ ያቀብለዋል፣ እሱ ሳያቆይ ይመታል፤ በፊትም በጀርባም። የኔ ትልቁ ልጅ አጨራረሱ የተለወጠው እንዲህ ነው፣ የጋራዡ ግድግዳ እስኪቦዳደስ። ለዚህ የቤት ጣሪያ አይሸጥም።

እህትህ ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ከዚያ ሰውዬ በፊት የራሱን የቡድን አሰልጣኝ ታነጋግር። “ከርሞ ከዚህ ምድብ ይወጣል፣ ወዴት ቢሄድ በብዛት ይጫወታል?” ትበለው። በትልቅ ቡድን ወንበር ላይ ከሚቀመጥ በመካከለኛ ቡድን በየጨዋታው ሦስት አራት ጊዜ ቢመታ ይሻለዋል። ትምህርቱንም አጥብቃ ትያዝ። ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካናዳ ዋና ዋና የጁኒየር ሊጎች የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መጫወት ይችላል፤ ድሮ ያ መንገድ ዝግ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ከሚያስመርጥ ሰው ትጠንቀቅ።

አንተ ደግሞ ሌላ ወረቀት ሥራልኝ። ስትመርጥ ከደካማ ቡድን ጋር የሚጫወቱትን እንዳይሆን፤ ከበላያቸው ካለው ቡድን ጋር፣ በሰው ሜዳ የሚጫወቱትን ምረጥ። ጎሉን አልጠይቅህም። ከመሀል ስንት መታ፣ ከዚያ ውስጥ “ወ” ስንት ነው፣ እሱን ላክልኝ።

የጅሬን ልጅ፦

አላህ ያክብርልኝ እትዬ። ዛሬ ማታ ሲነጋላቸው እደውልላታለሁ። ቆርቆሮውን ነገ መርካቶ ሄጄ ዋጋ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ከአንደኛው ቡድን ጋር ይጫወታሉ፣ በሰው ሜዳ ነው። እናቴ እርሳሷን ቀርጻ አስቀምጣለች።